ከውፍረት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ የአመጋገብ ምክር፦ ሂሳዊ ምልከታ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከጤና ሚኒስቴር ጋር በመሆን በ2014 ዓ.ም. ያወጣው ምግብ ተኮር የአመጋገብ መመሪያ፣ ለሀገራችን በዓይነቱ የመጀመሪያው ሰነድ ነው። ከተለያዩ የምግብ ምድቦች መመገብን፣ ስኳርን፣ ጨውንና ቅባትን መቀነስን የሚመክር ጠቃሚ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የተጻፈው ለጤነኛው ሕዝብ በመሆኑ፣ ጨጓራው በቀዶ ሕክምና ለጠበበ ሰው መልስ የማይሰጥባቸው ጥያቄዎች አሉ። ይህ የመመሪያው ጉድለት አይደለም። ጉድለቱ ያለው ክፍት በቀረው ቦታ ላይ በገባው ሌላ ወረቀት ነው።

ይህ ወረቀት ሕሙማን በውጭ ሀገር ቀዶ ሕክምና አድርገው ሲመለሱ ይዘውት የሚመጡት፣ ወይም ከዚያው ቃል በቃል የተተረጎመው ዝርዝር ነው። የፕሮቲን ዱቄት፣ የግሪክ እርጎ፣ ሳልመን ዓሣ ይላል፤ ሽሮና አይብ ግን አይገኙበትም። የባሰው ግን ክብደት መቀነሱን ሲያቆም ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው ምላሽ ነው፦ «ቀንሰው ይብሉ፣ አብዝተው ይንቀሳቀሱ»። ታካሚው ይህን ሲያነብ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ ባለሙያውም ብዙውን ጊዜ አይቃወመውም።

የክብደት መቆም በአብዛኛው የሰውነት አሠራር ውጤት እንጂ የፈቃደ ደካማነት ማስረጃ አይደለም። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት በዕረፍት ላይ የሚያወጣው ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል፤ ከስብ ጋር ጡንቻ ከጠፋ ደግሞ ቅነሳው ይበረታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለጥቂት ሳምንታት የሚታይ መቆም የተለመደ ነው። የስዊድን የውፍረት ሕሙማን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ውጤት፣ ጋስትሪክ ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት 32 በመቶ ያህል ክብደታቸውን ቀንሰው፣ በ10ኛው ዓመት ቅነሳው 25 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ክብደት መቆሙ፣ ጥቂትም ተመልሶ መጨመሩ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለታካሚው ሊነገረው የሚገባ እንጂ በኋላ የሚወቀስበት ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ማዕዳችን እንመለስ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመከረው የፕሮቲን መጠን በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው። አንድ ኩባያ፣ ማለትም 200 ግራም ያህል፣ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ ውኃና ዘይት የበዛበት ወጥ ደግሞ ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ በጾም ቀን 60 ግራም ለማግኘት ከሦስት ኩባያ በላይ ያስፈልጋል። ስሊቭ የተደረገለት ሰው ጨጓራ ግን በመጀመሪያው ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ያውም እንጀራውን ሳንቆጥር። ረቡዕና ዓርብ ሲታከሉ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ምእመን ሲሆን፣ ይህን ሁሉ በቀረው ጥቂት ሰዓት ውስጥ ማዳረስ አይቻለውም። በረመዳን ለሚጾመውም ሂሳቡ ብዙ የተለየ አይደለም።

ታዲያ ምን ይበላል? በቀላሉ የሚወርደውን። አቮካዶና ማንጎ የተደራረቡበት ስፕሪስ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ብስኩት፣ ዘይት የጠጣ አትክልት። እነዚህ ጨጓራን ሳያጠግቡ ያልፋሉ። ጡንቻው ይቀልጣል፣ ሚዛኑ ግን ባለበት ይቆማል። ለዚህ ሰው «ቀንሰው ይብሉ» ማለት የቀረችውን ምስር መንሳት ነው። ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነፃ እንደሚሆን በሁለቱም እምነቶች የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ታካሚው ራሱን ሕመምተኛ አድርጎ አይቆጥርም፣ የንስሐ አባቱም የሆዱን ቀዶ ሕክምና ላያውቁ ይችላሉ። አንድ አጭር የሐኪም ደብዳቤ እዚህ ላይ ከረጅም የካሎሪ ሠንጠረዥ ይልቅ ይጠቅማል። (ጤፍ ብረት አለው የሚለውም ማጽናኛ ብዙ አያራምድም፤ ባይፓስ ብረት በዋናነት የሚመጠጥበትን የአንጀት ክፍል ይዘለዋልና። ቪታሚን ቢ12ማ ከጾም ማዕድ ጭራሽ አይገኝም፤ ዕድሜ ልክ በኪኒን ወይም በመርፌ መሰጠት አለበት።)

የምግቦቻችንን ይዘት የሚያሳየው ሠንጠረዥ የተዘጋጀው በዚሁ በጉለሌው ተቋም፣ በቀድሞ ስሙ ነው። ስለዚህ መረጃ የለም ማለት አይቻልም፤ የጎደለው በፍስክና በጾም ተለይቶ፣ በስኒና በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ፣ በአማርኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ነው። ይህን ማዘጋጀት የቀዶ ሐኪሞችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የጋራ ሥራ ነው።

እስከዚያው ድረስ ክብደቴ ቆመ ብሎ የሚመጣ ታካሚ ትናንት ከማለዳ እስከ ማታ የበላውንና የጠጣውን፣ ፈሳሹን ጭምር፣ ቢጠየቅ መልካም ነው። የወገቡ ልክ፣ የደም ግፊቱና የስኳሩ መጠን ከሚዛኑ ጎን ይመዝገቡ። ኢንሱሊን፣ ስቴሮይድ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ይጣራ፤ ክብደቱ በግልጽ እየጨመረ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራ ይታሰብ፣ ወደ ቀዶ ሐኪሙም ይመለስ። በተደጋጋሚ የሚያስመልሰው ከሆነ ግን የክብደቱ ጉዳይ ይቆየን፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ታያሚን በመርፌ ይሰጠው።