መዝሙሩ የእናትህ ብቻ አይደለም

ዓይናችሁን ጨፍኑና ከልጅነታችሁ ጀምሮ የምታውቁትን አንድ መዝሙር በልባችሁ ዘምሩት። አስቀድሞ የመጣላችሁ ምንድን ነው? የመዝሙሩ ቃል ነው ወይስ አንድ ቦታ? ለብዙዎቻችን ቦታው ይቀድማል። የልጆች ክፍል አግዳሚ ወንበር፣ የአያት ቤት ጓዳ፣ የሆስፒታል ኮሪደር፣ የአውቶቡስ መስኮት ይመጣል። ቃሉ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ለእኔ የሚመጣው ዘመሮ ነው፤ መንዝ፣ ቀያ ገብርኤል። የሐምሌ ብርድ፣ የኩበት ጭስ፣ ዝተት ተከናንቦ ምድጃ ዳር የተቀመጠ ልጅና እንዝርት የምታሾር እናት ይታዩኛል። እናቴ የበግ ጠጉር እየፈተለች ትዘምር ነበር። መዝሙሩን የተማረችው አጎቴ ከአዲስ አበባ ካመጣው ካሴት ነው። በሰፈራችን ወንጌላውያን ጥቂት ስለ ነበርን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ በእንዝርቷ ዙር ልክ ነበር የምትዘምረው። የመዝሙሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ትዝታ ታመጡበትና የእኔን መስማት ትተዋላችሁ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

እናቴ ባረፈች በሁለተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ የማገለግልበት የመዘምራን ቡድን ያንኑ መዝሙር በአዲስ ቅንብር ማጥናት ጀመረ። ኪቦርዱ ቀደመ፣ ድራሙ ተከተለ፣ መዝሙሩም እየሮጠ ወጣ። እስከ መጨረሻው መታገሥ አልቻልኩም። «አበላሻችሁት!» ብዬ ጥዬ ወጣሁ። ለሦስት ወር ያህል ወደ ልምምድ አልተመለስኩም። የመዘምራኑ መሪ ቤቴ ድረስ መጥቶ ብዙ ከለመነኝ በኋላ፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ «ወንድሜ፣ መዝሙሩ እኮ የእናትህ ብቻ አይደለም» አለኝ። በዚያን ጊዜ ልቤን ስላደነደንኩ እንደ ድፍረት ቆጠርኩበት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። መዝሙርን በትዝታ መስማት ስሕተት ነው? አይደለም። የአገራችን ሙዚቃ ራሱ እንዲህ አላስተማረንም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙ ትዝታ ነው። ሁለቱ የቦታ ስም ይዘዋል፤ ባቲ የወሎ ከተማ ነው፣ አምባሰልም የወሎ ተራራ። አራተኛው አንቺ ሆዬ ለኔ ነው። አባቶቻችን ዜማን ሲሰይሙ ትዝታንና ቦታን ነው የጠሩት።

መጽሐፍ ቅዱስም ከዚህ አይርቅም። በዘዳግም 31 ጌታ ሙሴን መዝሙር ጽፎ ሕዝቡን እንዲያስተምር ያዘዋል። ምክንያቱም ሌላው ቢረሳ እንኳ መዝሙሩ ከልጅ ልጆቻቸው አፍ ስለማይጠፋ ነው፤ ምስክር ሆኖ ይቆማል። በመዝሙር 42 ያዘነው ዘማሪ ከሕዝቡ ጋር በእልልታ ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ የነበረበትን ቀን ያስታውሳል። ዮርዳኖስን፣ ሄርሞንን፣ ሚዛርን በየስማቸው ይጠራል። በመዝሙር 137 ደግሞ ምርኮኞቹ የጽዮንን መዝሙር በባቢሎን ወንዞች ዳር መዘመር እንዴት እንደ ከበዳቸው እናነባለን። መዝሙርና ቦታ ሲለያዩ ያማል።

እንግዲህ ትዝታ ስጦታ ነው። ስጦታው ግን ሚዛን ሲሆን ችግር ይመጣል። የእኔን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ያን ካሴት ከአሮጌ ዕቃ መካከል አግኝቶ ሰጠኝ። ቴፕ ተውሼ፣ መብራት ላይ ሰክቼ ከፈትኩት። ዘማሪው ይፈጥናል! እናቴ ትዘምርበት ከነበረው በጣም ይፈጥናል። ቴፑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ሌላ ካሴት ሞከርኩ፤ ቴፑ ደኅና ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ዘመሮ በነበረው ቤታችን መብራት አልነበረም። ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም የዘማሪው ድምፅ ይወፍራል፣ ይጎተታል። እኛም ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ጥቂት ነፍስ ይዘራና ተመልሶ ይደክማል። እናቴ መዝሙሩን የተማረችው ከደከመ ድንጋይ ነው! እኔ «ትክክለኛው አዘማመር» ብዬ ወንድሞቼን ሦስት ወር ያኮረፍኩበት ነገር የባትሪ ድካም ነበር። ሳቅሁም፣ አለቀስሁም።

ወገኖቼ፣ «የድሮ መዝሙር ይሻላል» የሚለውን ክርክር ስሰማ አሁን ያ የደከመ ድንጋይ ትዝ ይለኛል። ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ስለ መዝሙሩ አይደለም፤ መዝሙሩን በሰማንበት ወቅት ስለ ነበርነው ስለ ራሳችን ነው። አዲሱን የሚያንቋሽሽ ሰው እናቱን እየናፈቀ ይሆናል። አሮጌውን የሚንቅ ወጣትም የራሱ ምድጃ ገና አልቀዘቀዘም።

ታዲያ ቅሬታዬ ሁሉ ባዶ ነበር? ይህንንም ለማወቅ ካሴቱን ደጋግሜ ሰማሁ። መዝሙሩ ሦስት አንጓ አለው። የእኛ ቅንብር ሁለቱን ይዘምርና ሦስተኛውን ትቶ አዝማቹን ስምንት ጊዜ ይደጋግማል። ሦስተኛው አንጓ ስለ ሞላ ወንዝ ነው። በምሽት ዳር ደርሶ የቆመ መንገደኛና እጁን ይዞ የሚያሻግረው ጌታ ይታዩበታል። አዝማቹ ጌታ ታማኝ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሦስተኛው አንጓ ግን ያሳያል። እናቴ በወጣትነቷ ክረምት ላይ ወንጭትን ለመሻገር ሁለት ቀን ዳር ላይ እንደ ጠበቀች ነግራኛለች። ያን አንጓ ስትዘምር እንዝርቷ ይቆም ነበር። ይህ የእኔ ትዝታ ነው፤ እናንተን አያስገድድም። የሞላ ወንዝ ዳር የቆመ መንገደኛ ግን በመዝሙሩ ውስጥ አለ። ወንጭትን ያላየ የጅማ ልጅም፣ ፈተና ወድቆ የተቀመጠ የከተማ ተማሪም ያገኘዋል።

አንጥረኛ ወርቅ ሲያፈስ መጀመሪያ በሰም ቅርጽ ያበጃል፤ ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ቅኔያችን ስሙን ከዚህ ወስዷል። የመዝሙር ወርቁ የእግዚአብሔር ቃል እውነት ነው፤ ሰሙ ወንዙ፣ መንገዱ፣ ምሽቱ ነው። ሰሙን የጣልንበት መዝሙር ወርቅ ቢኖረውም እንኳ ልባችን ውስጥ የሚይዘው ቅርጽ አይኖርም። በዚህ ምክንያት ስለ ፍጥነቱ ተሳስቼ ነበር፤ ስለ ሦስተኛው አንጓ ግን አልተሳሳትኩም።

ከራሱ ሰፈር ሰም የቆረጠ መዝሙር ሩቅ ይሄዳል። በኅዳር 1873 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቪል ዱ ሃቭር የተባለ መርከብ አትላንቲክ ላይ ሰጠመ፤ የቺካጎው ጠበቃ ሆሬሺዮ ስፓፎርድ አራት ሴት ልጆቹን አጣ። ከዚያ ኀዘን የወጣው መዝሙሩ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይዘመራል። ዜማውን የደረሰለት ፊሊፕ ብሊስ ዜማውን በመርከቡ ስም ሰየመው፤ ልክ እኛ ባቲና አምባሰል እንዳልነው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የስፓፎርድን ማዕበል ስዘምር የማየው የሐምሌውን ወንጭት ነው። ያም ይበቃኛል።

በእኛም አገር ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። መዝሙሮቹ በካሴት እየተባዙ እርሱ ያልረገጣቸው ቤቶች ገብተዋል። እኛ ያን እስር ቤት አናውቀውም። ሆኖም ዝማሬው ከግል መከራው አልፎ የእግዚአብሔርን ሕዝብ ስደትና ተስፋ ስለሚይዝ፣ መከራውን ያላየነውም ገብተን እንቀመጥበታለን። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከጥር 1974 እስከ 1983 ዓ.ም. ተዘግታ በነበረበት ጊዜ ምእመናን በየቤቱ እየተሰበሰቡ በዝግታ ይዘምሩ ነበር። ዛሬ በድምፅ ማጉያ የምናስተጋባውን መዝሙር በሹክሹክታ የሚያስታውሱት እናቶችና አባቶች አጠገባችን ተቀምጠዋል። ለምን እንደሚያለቅሱ ጠይቀናቸው እናውቃለን?

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው የወጣቶች ኅብረት አንድ መዝሙር ምረጡ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው መዝሙሩ የሚያመጣለትን ቦታ ይናገር፤ ማንም አይሳቅበት። ከዚያ ግጥሙን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ከተናገርነው ውስጥ በመዝሙሩ ውስጥ ያለው የቱ ነው? እኛ ያመጣንበትስ? የመጀመሪያው ለመዝሙሩ መመዘኛ ይሆናችኋል፤ ሁለተኛው እርስ በርስ እንድትዋደዱ ይረዳችኋል። ከመካከላችሁ ግጥም የምትጽፉ ደግሞ ያላያችሁትን ባሕር ከመዋስ በፊት የሰፈራችሁን ወንዝ ተመልከቱ። ውርጩ፣ ገደሉ፣ የታክሲው ሰልፍ፣ የዶርሙ አልጋ ሁሉ ሰም ይሆናል። ልጆቻችሁ የሚያስታውሱት እርሱን ነው።

እኔ ወደ መዘምራኑ ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅሁ። የካሴቱንም ነገር ነገርኳቸው፤ በድንጋዩ ብዙ ሳቁብኝ። ከዚያ ሦስተኛውን አንጓ እንዲመልሱት ለመንኳቸው፤ መለሱት። ባለፈው እሑድ ስንዘምረው ፍጥነቱ አሁንም ከእናቴ ይቀድም ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት የማላውቃቸው እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። የትኛው ወንዝ እንደ ታያቸው አላውቅም። የእኔ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ ደስም አለኝ።