ዘጠኝ አቋራጭ ቁልፎች

አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ተራዬን ስጠብቅ ዓይኔ የጸሐፊዋ እጆች ላይ ዐረፈ። ማውሱ አጠገቧ ተቀምጧል፤ እስኪደርሰኝ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልነካችውም። የ«ጉዳዩ» መስመር መሐል ገብቶ ይደምቃል፣ ከሥሩ ይሰመርበታል፤ ከታች የነበረ አንቀጽ ወደ ላይ ይወጣል፤ የእሷ ዓይን ግን ከባለጉዳዩ የእጅ ጽሑፍ አይነሣም። ተራዬ ሲደርስ የራሴን ማመልከቻ ትቼ አቋራጭ ቁልፎቿን እንድታሳየኝ ለመንኳት። ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉንም ራሷ ናት ያዘጋጀቻቸው። እንዲህ ያለ የጠራ የእጅ ሥራ ካየሁ ቆይቻለሁ።

አንደኛው የኪራይ ውል የሚከፍተው ነው። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የውሉን ሾርትከት በቀኝ ጠቅ አድርጋ፣ ፕሮፐርቲስ ገብታ፣ የቁልፉን ሣጥን መርጣ ደብሊውን ብቻ ስትነካ ዊንዶውስ ኮንትሮልንና አልትን ራሱ ጨመረላት። ደብሊውን የመረጠችው «ውል» ሲጻፍ ጣት መጀመሪያ የሚያርፍበት ቁልፍ ስለሆነ ነው። የሥራው ጥራት የሚታየው ግን ቁልፉ በሚከፍተው ነገር ላይ ነው። ያለፈውን ውል አይከፍትም፤ ቴምፕሌቱን ነው የሚጠራው። ስለዚህ በየጊዜው አዲስ ቅጂ ይቀርብላታል፣ ዋናው ሳይነካ ይቆያል፣ የትናንቱ ተከራይ ስም በዛሬው ተከራይ ውል ውስጥ ተረስቶ አይቀርም።

«ጉዳዩ» ለሚለው መስመር ደግሞ ጂን ፈለገች። ዎርድ ላይ ለአንድ የአጻጻፍ ስታይል ቁልፍ ሲሰጡ፣ ያ ቁልፍ አስቀድሞ ሥራ ካለው ፕሮግራሙ እዚያው ይናገራል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ጂን አንድ ላይ ስትሞክር ቦታው የቃላት ቆጠራ መሆኑ ታያት። ሌላ ሰው ቢሆን ገፍቶ ይወስደው ነበር። እሷ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች ቃላታቸውን እንደሚያስቆጥሩ አሰበችና ተወችው፤ ባለቤት የሌለውን ኮንትሮል፣ አልትና ጂን ወሰደች። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍንም እንዲሁ አልነካችም፤ የግርጌ ማስታወሻ የሚያስገባው እሱ ነው። አዲስ ቁልፍ ስታስገባ ነባሩን አላፈናቀለችም።

የልቤን ያደረሰው ግን «ከሰላምታ ጋር» ነው። በየደብዳቤው መጨረሻ ስለሚመጣ ሁልጊዜ ሙሉውን መጻፍ ያደክማል፤ አጭሩን ቃል በኦቶኮሬክት ሰንጠረዥ ካስመዘገቡት ረጅሙን ፕሮግራሙ ይጽፈዋል። መጀመሪያ የመጣላት «ከሰጋ» ነበር። ወዲያው «ተከራዩ ስለ ንብረቱ ደኅንነት ከሰጋ» የሚል አንቀጽ ትዝ አላት፤ ማሽኑ ያንን «ስለ ንብረቱ ደኅንነት ከሰላምታ ጋር» ያደርገዋል። «ከስጋ»ን አሰበች፤ የልኳንዳ ቤት ውል ቢመጣስ? በመጨረሻ «ክግ» አለች። ብቻውን የሚቆም እንዲህ ያለ ቃል በአማርኛ የለም። ሁለቱም ፊደላት ሳድስ ስለሆኑ በድምፅ በሚጻፍበት ኪቦርድ አናባቢ አይጠይቁም፤ ኬ እና ጂ ተነክተው ያበቃል። እዚህች ሁለት ፊደል ላይ ለመድረስ ቋንቋውንም፣ ኪቦርዱንም፣ ወደ ቤቱ የሚመጣውን ባለጉዳይም ማወቅ ነበረባት።

አንዳንዱ ሥራዋ ደግሞ ያለውን ማንሣት ነው። ዎርድ ላይ አልትንና ሺፍትን ይዘው የላይ ቀስቱን ቢነኩ አንቀጹ ካለበት ተነሥቶ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የውል አንቀጾችን ለሚያስተካክል ሰው እንደዚህ ያለ ነገር አይገኝም። ነገር ግን አልትና ሺፍት ዊንዶውስ ላይ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መቀያየሪያም ናቸው። ጣት አመንትቶ ቀስቱ ላይ ሳይደርስ ሁለቱን ከለቀቀ ቋንቋው ይቀየራል፤ ቀጥሎ የሚጻፈው መስመር የእንግሊዝኛ ፊደል ድርድር ይሆናል። ስለዚህ የመቀያየሪያውን ቁልፍ ከቅንብሩ አጠፋችው፤ ቋንቋ መለወጥ ስትፈልግ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛ ረጅሙን የክፍት ቦታ ቁልፍ ትነካለች።

ቀርቦ መገኘት የሌለበትም ቁልፍ አለ። ሳይጠይቅ በቀጥታ የሚያትመውን ትእዛዝ ኮንትሮልና አልት በግራ፣ ኤንድ በቀኝ አድርጋ ለሁለት እጅ ሰጥታዋለች። በስሕተት የወጣ ወረቀት ገንዘብ ነው። ይህ አስተሳሰብ የታወቀ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው የአይቢኤም ፒሲ ሲሠራ መሐንዲሱ ዴቪድ ብራድሊ ማሽኑን እንደገና የሚያስነሣ ትእዛዝ መጀመሪያ ለኮንትሮል፣ አልትና ኤስኬፕ ሰጥቶት ነበር። ሦስቱም በግራ በኩል ስለሚገኙ አንድ እጅ ሳያስበው ሊነካቸው ይችላል። ኤስኬፕ ቀረና ሩቁ ዲሊት ተተካ፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የሦስት ቁልፍ ትእዛዝ የተወለደው ከዚህ ጥንቃቄ ነው። ተቃራኒውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የአፕል ሊሳ ኮምፒውተር ላይ እናያለን። ቆርጦ መለጠፍን ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው ላሪ ቴስለር የሠራበት ሊሳ፣ ዘወትር የሚፈለጉትን ትእዛዞች ጎን ለጎን ለተሰለፉት ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪ ሰጠ። ኤክስ የስረዛ ምልክት ይመስላል፣ ሲ የኮፒ መነሻ ናት፣ ቪ ጫፏን ወደ ታች አድርጋ «እዚህ አስገባ» ትላለች፣ ዜድ የቅርብ ጎረቤታቸው ነው። አዘውትሮ የሚፈለገውን ማቅረብ፣ የሚያስጠፋውን ማራቅ፤ ጸሐፊዋ ይህን ታሪክ ሳትሰማ በራሷ እጅ ደርሳበታለች።

ድሮ ከሃያ በላይ አቋራጭ ነበራት። አንድ ወር ሙሉ እጇ ያልፈለገውን እየሰረዘች ዘጠኝ ላይ ቆመች። ኪቦርዱ ላይ የተለጠፈ ማስታወሻ የለም። የዎርዱ ቁልፎች የሚቀመጡበትን ኖርማል የተባለ የቴምፕሌት ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጣ መሳቢያ ውስጥ አኑራዋለች፤ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ እነዚህ ቁልፎች አብረው አይጠፉም። ቁም ጸሐፊ ብራናው ላይ ከመጻፉ በፊት ዳር ዳሩን በወስፌ ይወጋና ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀለም የሌለው መስመር ያሰምራል። አንባቢ የሚያየው ፊደሉን ነው፤ ፊደሉን ያሰለፈው ግን ያ መስመር ነው። የእሷም ቁልፎች በሚታተመው ደብዳቤ ላይ አይታዩም።

ያተረፈችውን ጊዜ የት እንደምታደርገው ያየሁት ከእኔ ቀጥሎ የገቡት አዛውንት ሲቀመጡ ነው። የታጠፈ ወረቀታቸውን ዘርግተው ሰጧት። ጣቶቿ ሥራቸውን ሲሠሩ ቀና ብላ እያየቻቸው «አባቴ፣ የአያትዎ ስም በየትኛው ሐ ነው የሚጻፈው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጽፋ ስትጨርስ አላተመችውም። ማመልከቻውን ከመጀመሪያው እስከ «ከሰላምታ ጋር» ድረስ ቀስ ብላ አነበበችላቸው። እሳቸውም ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ፤ ሁለት ቃል አሳረሟት። ያን ጊዜ ግራ እጇ ወደ ኮንትሮልና አልት፣ ቀኝ እጇ ወደ ኤንድ ሄደ።