ባዶ የተባለው አደባባይ፤ ስለ ኢየሩሳሌም ናፍቆት በተደረሱ ሦስት ግጥሞች ላይ የቀረበ ሒስ

ሰው የያዘውን ነገር ከሚያሞግስበት ቃል ይልቅ ያጣውን ነገር የሚያለቅስበት ቃል ይበረታል። ይህ በግለሰብ ላይ የሚታየው እውነት በሕዝብም ላይ ይታያል። የአይሁድ ሕዝብ ስለ ኢየሩሳሌም የደረሰው ቅኔና ሙሾ ይህን ያህል ሊበዛና ሊጠልቅ የቻለው በከተማይቱ ላይ በነገሠባቸው ዘመናት ሳይሆን ከእርስዋ በራቀባቸው ዘመናት ነው። ይሁን እንጂ ናፍቆት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንደኛው ናፍቆት የራሱን መራቅ ይመለከታል፤ ሌላው ግን ዐይኑ በእንባ ስለሚሸፈን በናፈቃት ከተማ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ለማየት ይሳነዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ልዩነት ሲሆን፥ ለዚህም አንዱን ከ12ኛው መቶ ዓመት፥ ሁለቱን ከ1967 ዓመት፥ በድምሩ ሦስት ግጥሞችን መርጠናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የናፍቆቱን ሥር ማወቅ ያስፈልጋል። ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱን ካቃጠሉ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሐድርያኖስም በ135 ዓ.ም. የባር ኮክባን ዐመፅ ደምስሶ አይሁድ ወደ ከተማይቱ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ ኢየሩሳሌም ለአብዛኛው አይሁዳዊ የሚኖርባት ቦታ መሆንዋ ቀርቶ ሲጸልይ ፊቱን የሚያዞርባት አቅጣጫ ሆነች። በፋሲካ ማዕድ ፍጻሜ ላይ የሚመጣውን ዓመት በኢየሩሳሌም ለማክበር መመኘት፥ በሠርግ ቀን ሙሽራው ብርጭቆ መስበሩ፥ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ከግድግዳው ጥቂት ስፍራ ሳይለስን መተዉ፥ ይህ ሁሉ ልማድ የተተከለው ደስታ ሙሉ እንዳይሆን፥ ቤትም ፍጹም ቤት እንዳይመስል ነው። በምርኮኞች አንደበት የተነገረውን 136ኛውን መዝሙር ከልጅነቱ ጀምሮ በዳዊቱ የደገመ ኢትዮጵያዊ ይህን ስሜት ለመረዳት አይቸገርም።

ከዚህ ሥር የበቀለው ትልቁ ባለቅኔ ይሁዳ ሃሌዊ ነው። በ1075 ዓ.ም. ገደማ በእስፓንያ የተወለደው ይህ ሰው ሐኪምና ፈላስፋ ነበር። ኩዛሪ የተባለውን የሃይማኖት መጽሐፉን የጻፈው በዐረብኛ ቋንቋ ነው፤ በዕብራይስጥ የገጠማቸው ቅኔዎቹም የዐረብን ግጥም ምጣኔ የሚከተሉ ናቸው። እንግዲህ ከጽዮን ናፋቂዎች ሁሉ የሚልቀው ባለቅኔ ጥበቡን የተማረው ከዐረብ ባለቅኔዎች ጭምር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ሃሌዊ ለጽዮን በደረሰው ትልቅ ሙሾ ከተማይቱን እንደ ሰው ያነጋግራታል፤ ስለተማረኩባት ልጆችዋ ደኅንነት ትጠይቅ እንደ ሆነ ይጠይቃታል፤ ራሱንም ለእርስዋ ዜማ በሚደረደር በገና ይመስላል። ይህ ሙሾ ቤተ መቅደሱ የፈረሰበት ቀን በሚታሰብበት ጾም በምኵራብ እስከ ዛሬ ይደገማል። ኢየሩሳሌም ከ1099 ዓ.ም. ጀምሮ በመስቀል ጦረኞች እጅ ነበረችና፥ ባለቅኔው በሌላ አጭር ግጥሙ ጽዮን በክርስቲያኖች ሥልጣን ሥር፥ እርሱ ደግሞ በዐረቦች አገር መሆናቸውን አይደብቅም። የግጥሙ ኀይል ያለው ከዚህ ላይ ነው። በሃሌዊ ግጥም ውስጥ የጐደለው ነገር ባለቅኔው ራሱ ነው፤ ከተማይቱ በስፍራዋ አለች፥ የሌለው እርሱ ነው። ስለዚህ ናፍቆቱ ከማንም አንዳች ሳይቀማ እርሱን ብቻ ከቦታው ያነሣዋል። በእርግጥም በ1140 ዓ.ም. ቤቱንና ክብሩን ትቶ በመርከብ ወደ እስክንድርያ ተሻገረ፤ በ1141 ዓ.ም. ዐረፈ። ሙሾውን እየደገመ ሳለ በከተማይቱ በር ላይ በፈረሰኛ ተረግጦ ሞተ የሚለው ትረካ አፈ ታሪክ ነው፤ ቢሆንም ሕዝቡ የግጥሙን መጨረሻ በባለቅኔው ሕይወት መጨረሻ ሊገጥም መፈለጉን ያሳያል።

ሁለተኛው ግጥም የናዖሚ ሼመር የወርቅ ኢየሩሳሌም ነው። የኋለኛውን ዘመን ታሪክ ሳያስታውሱ ይህን መዝሙር መተቸት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1947 ኢየሩሳሌም በዓለም አቀፍ አስተዳደር ሥር እንድትሆን ቢወስንም፥ በ1948 የተነሣው ጦርነት ከተማይቱን ለሁለት ከፈላት። ምዕራቡ ለእሥራኤል፥ አሮጌውን ከተማ ጨምሮ ምሥራቁ ለዮርዳኖስ ሆነ። የአይሁድ ሰፈር ነዋሪዎች ከአሮጌው ከተማ ወጡ፤ ታላቁ የሑርቫ ምኵራብ ፈረሰ። በዚያው ጦርነት ካታሞንና ጣልቢያ ከተባሉት የምዕራብ ሰፈሮች ዐረቦች ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ ሊመለሱም አልተፈቀደላቸውም። በ1949 የተፈረመው የተኩስ ማቆም ስምምነት አይሁድ ወደ ቅዱሳን ስፍራዎቻቸው እንዲደርሱ ተስፋ ቢሰጥም፥ ተስፋው ለ18 ዓመታት ሳይፈጸም ቀረ። ስለዚህ ሼመር ያለቀሰችው ያልደረሰባትን ሐዘን ፈጥራ አይደለም።

ሼመር ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰችው የምዕራቡ ከተማ ከንቲባ ቴዲ ኮሌክ ስለ ኢየሩሳሌም መዝሙሮች እንዲደረሱ በመፈለጉ ሲሆን፥ ሹሊ ናታን የተባለች ወጣት በግንቦት 15 ቀን 1967 በተደረገው የመዝሙር በዓል ላይ አሰማችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጦርነት ተነሣ፤ ሰኔ 7 ቀን አሮጌውን ከተማ የያዙት የእሥራኤል ወታደሮች በምዕራቡ ግንብ ሥር ቆመው ይህንኑ መዝሙር ዘመሩት። ሼመርም ወዲያው መመለስን የሚያበሥር አንቀጽ ጨመረችበት። በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ከድርሰት ወደ ታሪክ በዚህ ፍጥነት የተሻገረ ግጥም ብዙ አይገኝም።

የመዝሙሩ ስም የተወሰደው ከታልሙድ ትረካ ነው። ረቢ ዐቂባ በድኽነቱ ዘመን አብራው ገለባ ላይ ለተኛች ሚስቱ የኢየሩሳሌም ምስል ያለበት የወርቅ ጌጥ ሊሰጣት ይመኝ ነበር ይባላል። የበገናው ምሳሌም ከሃሌዊ የተወረሰ ነው። ባለቅኔዋ በእነዚህ ሁለት አሮጌ ክሮች አዲስ ጨርቅ መሸመንዋ የሚያስመሰግናት ነው። የዜማው ርጋታ፥ የቃላቱ ጥራት፥ የከተማይቱን አየርና የደወልዋን ድምፅ የሥዕል ያህል ማሳየቱ የማይካድ ውበት አለው።

ነገር ግን በሁለተኛው አንቀጽ የገበያው አደባባይ ባዶ መሆኑን፥ የውኃ ጕድጓዶቹ መድረቃቸውን፥ ወደ መቅደሱ ተራራ የሚወጣ፥ በኢያሪኮም መንገድ ወደ ጨው ባሕር የሚወርድ ሰው አለመኖሩን ትነግረናለች። ይህ በ1967 እውነት አልነበረም። ገበያው ይሸጥ ይገዛ ነበር፤ በመስጊዱ ይሰገድ ነበር፤ በኢያሪኮ መንገድ ሰውና መኪና ይመላለስ ነበር። እሥራኤል ከጦርነቱ በኋላ ከከተማይቱ ጋር በቀላቀለችው ምድር ከ60000 የሚበልጡ ዐረቦች ይኖሩ ነበር። ደራሲው አሞስ ዖዝ ይህን ስሕተት አንሥቶ ወቅሶአታል። የሼመርም መልስ አይሁድ የሌሉበት ስፍራ ለእርስዋ ባዶ መሆኑን የሚያስረዳ ነበር።

በአገራችን የቅኔ ሥርዐት ሰሙ ጐድሎ ወርቁ ሙሉ ሊሆን አይችልም። ሰሙ የሚታየው፥ የሚዳሰሰው ነገር ነውና፥ እርሱ ሐሰት ሲሆን ወርቁም ይዘባል። የሼመር ወርቅ የሕዝብዋ ናፍቆት ነው፤ ይህም እውነተኛ ወርቅ ነው። ሰሙ ግን ሰው የሞላበትን ገበያ ባዶ ያደረገ ሰም ነው። ባለቅኔ እንደ ዳኛ ምስክር እየጠራ እንዲገጥም አይገደድም፤ ሙሾ አውጪም ቃልዋን ታጋንናለች። የሆነ ሆኖ የራስን ሐዘን ማጋነን አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሰው መኖር መካድ ግን ሌላ ነገር ነው። በሃሌዊ ዘንድ የሌለው ባለቅኔው ነበር፤ በሼመር ዘንድ የሌለው ጎረቤቱ ሆነ።

ይህ ስለ አንድ ስንኝ የሚደረግ ከንቱ ክርክር እንዳይመስል፥ ከድሉ በኋላ የሆነውን እናስታውስ። በሰኔ 10 ቀን 1967 ሌሊት በምዕራቡ ግንብ ፊት የነበረው፥ ከ12ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ ለሰሜን አፍሪቃ እስላሞች የተሰጠው የመግሪባውያን ሰፈር በቡልዶዘር መፍረስ ጀመረ። ከ100 የሚበልጡ ቤቶች ተደመሰሱ፤ ነዋሪዎቹም ንብረታቸውን የሚያነሡበት ጥቂት ሰዓት ብቻ ተሰጣቸው። በስፍራው ምእመናን የሚሰበሰቡበት ሰፊ አደባባይ ተሠራ። ሰፈሩን መዝሙሩ አፈረሰው ማለታችን አይደለም፤ ጦር እንጂ ዜማ ቤት አያፈርስም። ነገር ግን በግጥም ባዶ የተባለ ከተማ በእውነትም ባዶ ሲደረግ የሚደነግጥ ሰው ጥቂት ይሆናል።

በዚያው በ1967 የሊባኖስ ራህባኒ ወንድማማቾች ደርሰውት ፌይሩዝ የዘፈነችው የከተሞች አበባ የተባለው መዝሙርም ተመሳሳይ ምርመራ ይገባዋል። እርሱም በውበቱና በሐዘኑ ከሼመር መዝሙር አያንስም፤ የስደተኛውን ሕፃንና የእናቱን የማርያምን እንባ ጭምር ያስታውሳል። ሆኖም ቤቱም ከተማይቱም የእኛ ናቸው በሚል ውሳኔ ሲፈጸም፥ 2000 ዓመት ፊቱን ወደ እርስዋ አዙሮ ለጸለየው ሕዝብ ስፍራ አይተውም። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ስለ አንዲት ከተማ ሁለት ያማሩ መዝሙሮች ተደረሱ፤ አንዳቸውም የሌላውን ዘማሪ በከተማይቱ ውስጥ አላዩትም።

ሦስተኛው ግጥም ግን አይቶአል። ይሁዳ አሚካይ በ1924 በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ፍልስጥኤም የመጣ፥ በ1948 ጦርነትም የተዋጋ ሰው ነው። ኢየሩሳሌም 1967 በተባለው ተከታታይ ግጥሙ ውስጥ ባለቅኔው በስርየት ቀን የበዓል ልብሱን ለብሶ ወደ አሮጌው ከተማ ይሄዳል። የሚቆመው ግን በደማስቆ በር አጠገብ ካለች የአንድ ዐረብ ትንሽ ሱቅ ፊት ነው። ሱቁ ቁልፍና ክር ይሸጥበታል፤ የክሩም ቀለም ብዛት የኦሪት መጻሕፍት የሚቀመጡበት መንበር የተከፈተ ያህል ሆኖ ይታየዋል። አባቱም በጀርመን አገር እንደዚህ ያለ ሱቅ እንደ ነበረው፥ ሱቁም መቃጠሉን፥ አባቱም እዚህ መቀበሩን በልቡ ለባለሱቁ ይነግረዋል። የመዝጊያው ጸሎት ሰዓት ሲደርስ ባለሱቁም ሱቁን ይዘጋል፤ ባለቅኔውም ከጸሎት ከሚመለሱት ሰዎች ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከዚህ ግጥም ውስጥ ወርቅም፥ መለከትም የለም። ቁልፍና ክር ብቻ ነው። ቢሆንም የአይሁድን ስደት፥ የአውሮፓን እሳትና ወደ ጽዮን መመለስን ሁሉ ይዞአል፤ የያዘውም በሌላው ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው። ባዶ የተባለው ገበያ እዚህ ባለቤቱን አገኘ። ጕድለት የለበትም ግን አንልም። ባለቅኔው በልቡ እንጂ በአንደበቱ አልተናገረም፤ ባለሱቁም አንዲት ቃል አልመለሰም። ከአራት ወር በፊት የተሸነፈው ባለሱቅ የዚያ ቀን እንግዳውን ምን ሊለው ይችል እንደ ነበረ ግጥሙ አይነግረንም። አሚካይ ጎረቤቱን ማየትን አስተምሮናል፤ መስማት ግን ገና ይቀራል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የቤተ እሥራኤል ወገኖቻችን በስግድ በዓል ተራራ ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ሲጸልዩ ኖረዋል። ወደ እርስዋ ለመድረስ በሱዳን በኩል በእግራቸው ሲጓዙ ብዙ ሺህ ሰዎች በመንገድ አልቀዋል፤ መታሰቢያቸውም በከተማይቱ በሄርጽል ተራራ ላይ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይከበራል። የደረሱትም በ1985 አይሁዳዊነታቸው በመጠራጠር ስለታየ፥ በዚያችው በናፈቋት ከተማ ከዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው አቤት ብለዋል። በናፍቆት የታየችው ከተማና በእግር የተደረሰባት ከተማ አንድ አለመሆናቸውን ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ዛሬም ነገሩ አልተፈጸመም። በ1980 የእሥራኤል ምክር ቤት ኢየሩሳሌም ሙሉና የተባበረች ዋና ከተማ መሆንዋን በሕግ ሲያውጅ፥ የጸጥታው ምክር ቤት በ478ኛው ውሳኔው ሕጉን ዋጋ እንደሌለው ቈጠረው። የፍልስጥኤም መሪዎች በ1988 ባወጁት የነጻነት ዐዋጅ ዋና ከተማቸው ኢየሩሳሌም መሆንዋን ተናገሩ። በ2018 የአሜሪካ መንግሥት ኤምባሲውን ወደ ከተማይቱ አዛወረ። በምሥራቁ ክፍል የሚኖሩት ፍልስጥኤማውያን አብዛኞቹ ከከተማይቱ የሚባረሩበት ምክንያት ሊገኝባቸው የሚችል ነዋሪዎች እንጂ ዜጎች አይደሉም። ሕግም እንደ ግጥም ሁሉ ሰው በሞላበት ስፍራ ላይ ባዶ አደባባይ ሊጽፍ ይችላል።

የአይሁድ ፍቅር ለኢየሩሳሌም እውነተኛ ነው፤ ይህን የሚክድ ሁሉ ታሪክን ይክዳል። ፍቅሩ እውነተኛ ስለ ሆነም ባዶነትን መለመን አያስፈልገውም። የሥነ ጽሑፍ መምህርም ስለ አንዲት ቅድስት ከተማ የተገጠመ ግጥም ለተማሪዎቹ ሲያቀርብ፥ ስለ ዜማውና ስለ ምሳሌው ካስረዳ በኋላ አንዲት ጥያቄ ይጨምር፤ በዚህ ግጥም ገበያ ውስጥ ማን ይሸጣል? ማንስ ይገዛል? መልሱ ማንም የለም የሚል ከሆነ፥ ግጥሙ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶአል ማለት ነው።