ያልተጨረሰ ንባብ፣ የተጨረሰ ፍርድ

ሐያሲ አንብቦ ስላልጨረሰው መጽሐፍ መጻፍ ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የይሉኝታ ጉዳይ ተደርጎ ይነሣል፤ ደራሲ የለፋበትን ሥራ በግማሽ ጥሎ መተቸት ነውር ነው ይባላል። ይህ መከራከሪያ ደካማ ነው፤ ደራሲው ስለለፋ ብቻ አንባቢ እስከ መጨረሻው የመከተል ዕዳ የለበትም። ጉዳዩ የማስረጃ ነው። ፍርዱ ካነበበው ገጽ ያለፈ ሐያሲ ግምቱን እንደ ሂስ እያቀረበ ነው።

ልቦለድ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ጋዜጠኛውን ጸጋዬ ኃይለ ማርያምን አስመራ አድርሶ ደርግ በኤርትራ አማፂያን ላይ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሽር ጉድና የመሪዎቹን ልበ ሙሉነት ያሳየናል። እዚህ ላይ መጽሐፉን የከደነ ሰው «የመንግሥት ቅስቀሳ ነው» ቢል ያነበባቸው ገጾች በከፊል ይደግፉታል። ዘመቻው ናቅፋ ላይ ሲከሽፍ ግን ያ ሁሉ ድምቀት ትርጉሙ ይገለበጣል። መጽሐፉ እንደ ወጣ መታገዱም ባለሥልጣናቱ ቅስቀሳ ሆኖ እንዳላገኙት ያመለክታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ትዳር ይጀምራል። መንገድ ላይ ያቆመ አንባቢ፣ አገሬው እንደ እብድ የሚያየውን ጉዱ ካሳን የጨዋታ ማጣፈጫ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። ከፍቅረኞቹ ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ጋር በአንድ መቃብር ማረፉን ያነበበ ግን የልቦለዱን ሸክም ማን ተሸክሞ እንደ ቆየ ይረዳል።

ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ምሁር ፒየር ባያር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ስላላነበብናቸው መጻሕፍት መናገር እንደምንችል ተሟግቷል፤ ያነበብነውንም እንረሳለን፣ ብዙውንም ገረፍ ገረፍ አድርገን እናልፋለን ይላል። ትዝብቱ እውነት ነው፤ ከትዝብቱ የሚወጣው ፈቃድ ግን ሂስን አያካትትም። የረሳ ምስክርና ያላየ ምስክር አንድ አይደሉም፤ የረሳው የተናገረው ቃል ካየው ነገር ጋር ሊመሳከር ይችላል፣ ያላየው ግን ምን ይዞ ይመሳከራል?

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው። ዐረፍተ ነገሩ የተንዛዛ፣ ምልልሱ የደረቀ፣ አርትዖት ያልጎበኘው መጽሐፍ በሃምሳ ገጽ ይታወቃል፤ ታዲያ የቀረውን ሦስት መቶ ገጽ ማንበብ ለምን ያስፈልጋል? እርግጥ ነው፣ ቋንቋን ለመመዘን ሃምሳ ገጽ ይበቃ ይሆናል። በመድበል ውስጥ ያለ አንድ ግጥም ወይም መጣጥፍም ተነጥሎ ሊዳኝ ይችላል። መዋቅር፣ የገጸ ባሕርይ ለውጥና የሐሳብ መደምደሚያ ግን በናሙና አይለኩም። ስለዚህ ያቋረጠ ሐያሲ ዝም ይበል አይባልም፤ የት እንዳቆመና ምን እንዳስቆመው ገልጾ ስላነበበው ብቻ ይጻፍ፤ ይህ ራሱ ለአንባቢ ጠቃሚ መረጃ ነው። የተከለከለው ከዚያ ተነሥቶ «መጽሐፉ» እያሉ መደምደም ነው። አንድ ሥራ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ ሂስ እምብዛም በማያገኝበት በአማርኛው መድረክ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል፤ የተሳሳተውን ፍርድ የሚያርም ሁለተኛ ሐያሲ ላይመጣ ይችላልና።