የተዋሰው ጭምብል

ከእንጦጦ ራጉኤል ቁልቁል ሲመለከቱ ስድስት ኪሎ ከእግርዎ ሥር ነው። ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ኅዳር 1962 ዓ.ም. የጻፈው የዚያ ግቢ ተማሪ ሳለ ነው። ኢትዮጵያዊ ለመባል የአማራ ጭምብል ማጥለቅ ግድ ሆኗል ሲል ጭምብሉን የተዋሰው ከጥቁሩ የማርቲኒክ ጸሐፊ ከፍራንዝ ፋኖን ነበር። ፋኖን ነጭ በጥቁር ላይ የጫነውን ሲያይ፣ ዋለልኝ ጥቁር በጥቁር ላይ የጫነውን አየ። ስም እስከ መለወጥ መደረሱንም አልሸሸገም፤ ለትምህርት ቤት ሲል ስሙን የለወጠ አባት ያለበት ቤት ይህን ሲያነብ ይነካል።

መፍትሔው ግን ይጠብብናል። ሁሉን ለሶሻሊስት ትግል አስረክቦ፣ ሃይማኖትን እንደ አንድ የብሔረሰብ ልብስ ቆጥሮ ያልፋል። በአማርኛ አፉን የፈታው የወሎ ሙስሊም የትኛውን ጭምብል ያውልቅ? ጸሐፊው ራሱ የወሎ ልጅ ሆኖ ይህን አለማንሣቱ ይገርማል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ አዲስ አበባ አደባባይ ወጥቶ የጠየቀው የእምነት እኩልነትን ነበር፤ ለዚያ ሰልፈኛ በጽሑፉ ውስጥ የተዘጋጀ ቦታ የለም።