ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን፤ ከኦርኬስትራው ጀርባ የቆሙት መምህር

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ በተጻፈ ቁጥር በቅድሚያ የሚጠራው የድምፃውያን ስም ነው። ከድምፃዊው ኋላ ለተሰለፉት ነፊዎች ድርሻ ድርሻቸውን የጻፈላቸው፣ ኖታ ማንበብንም ያስተማራቸው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የነርሲስ ናልባንዲያን ሥራ በሚገባ ሊመዘን የሚችለው ከዚህ ጥያቄ ሲነሡ ነው።

መንገዱን የጠረጉት አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም አይተው ያስመጧቸው፣ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ ማለትም «አርባ ልጆች»፣ በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ሲገቡ መሪያቸው ኬቮርክ ነበሩ። ባንዱ የተቋቋመው ለቤተ መንግሥት ክብር ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተበተነ። ሆኖም ወጣቶችን በኖታ አሠልጥኖ በአንድነት ማስነፋት እንደሚቻል አሳይቶ አለፈ።

ዓይንታብ ተወልደው በ1930 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ነርሲስ ይህን ጅምር የዕድሜ ልክ ሥራ አደረጉት። አርመኖች ጎጆ ቀልሰው፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ካቆሙበት ከአራዳ ብዙ ሳይርቁ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ አሠለጠኑ። ከዚያም በፖሊስ ኦርኬስትራና በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ አስተማሩ። እነዚህ ተቋማት ሁሉ የመንግሥት ነበሩ፤ ወጣቱ ተማሪም ደንብ ልብስ ለባሽ ወይም ደመወዝተኛ ነበር። መምህሩ ተማሪ ለመምረጥ የነበራቸው ነጻነት ጠባብ እንደነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ዋናው ፈተና ግን የቅኝቱ ነበር። አዝማሪ በጆሮው ይማራል፤ ዜማውም በአንድ ድምፅ ይፈስሳል። ኦርኬስትራ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ድምፅ ይሻል። በትዝታ ሜጀር ላይ የአውሮፓን ኅብረ ድምፅ መደረብ አያስቸግርም፤ ከመነሻው ድምፅ ጋር ሦስተኛውና አምስተኛው በቅኝቱ ውስጥ ይገኛሉና። አንቺሆዬ ግን እምቢ ይላል። ከመነሻው በላይ ንጹሕ አምስተኛ የለውም፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ ኮርድ ቢጭኑበት ጠባዩን ያጣል። እንግዲህ ተማሪው ሕጉን አጥንቶ ሕጉ የሚቆምበትንም ቦታ መለየት ነበረበት። ሙሴ ነርሲስ የሀገር ዜማን ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብሩ የታገሉት ከዚሁ ጋር ነው፤ ትልቁ ትምህርታቸውም ይኸው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት በጭራው ላይ የሚያንሸራትተውን ድምፅ ጥሩምባ በሦስት ቁልፎቹ አያገኘውም፤ የሚጠፋ ነገር አለ። አንዳንዱ አድማጭ በዚህ ምክንያት የናሱን ድምፅ እንደ ባዕድ ልብስ ያየዋል። ቅሬታው ተገቢ ቢሆንም ጥፋቱን በመምህሩ ላይ ብቻ መጫን አይገባም፤ መሣሪያው ከሳቸው በፊት መጥቷልና። ከሳቸው የሚጠበቀው በእጅ ባለው መሣሪያ ዜማው ሳይሰበር እንዲሰማ ማድረግ ነበር።

ሙሴ ነርሲስ እ.ኤ.አ. በ1977 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። የመምህር ሥራ በሸክላ ሽፋን ላይ አይታተምም። የዚያን ዘመን ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ቅጂ የሚያዳምጥ ሰው ድምፃዊው ትንፋሽ በሚወስድበት ጊዜ ጆሮውን ወደ ሁለተኛው ጥሩምባና ወደ ትሮምቦኑ ቢመልስ፣ የዚያን ሁሉ ዓመት ልምምድ እዚያ ያገኘዋል።