ቱቦውን ሳይለኩ መፍረድ

በቅርቡ በማኅበራችን የሙዚቃ ምሽት በ1960ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጸ አንድ ሸክላ አሰምተን ነበር። ትራምፔቱ ወደ ታችኛው ድምፅ ሲወርድ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ከሳቁ ቀጥሎ ሁለት ዓይነት ሂስ ተሰነዘረ። አንደኛው ወገን «የኛ ሰዎች መሣሪያውን አያውቁትም ነበር» አለ። ሁለተኛው ወገን «ስሕተት አይደለም፤ የራሳችን ቅኝት ነው» ሲል ተከራከረ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ቱቦውን ሳይለኩ ፈርደዋል።

ነገሩ በመሠረቱ የሒሳብ ነው። የተለመደው ትራምፔት ቱቦ 148 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሁለተኛው ቫልቭ ሲጫን ድምፁን በግማሽ ቶን፣ አንደኛው በአንድ ቶን፣ ሦስተኛው በአንድ ቶን ተኩል የሚያወርድ ተጨማሪ ቱቦ ይከፍታል። ጭማሪዎቹ ለየብቻቸው ልክ ቢሆኑ እንኳ በኅብረት ሲጫኑ ያጥራሉ፤ ቱቦው በረዘመ መጠን ድምፁን በዚያው ልክ ለማውረድ የሚያስፈልገው ጭማሪም ይረዝማልና። ሦስቱም አንድ ላይ ሲጫኑ የሚያስፈልገው 61 ሴንቲ ሜትር ግድም ሲሆን የሚገኘው 55 ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ድምፁ ከሚገባው በላይ የግማሽ ቶን እኩሌታ ያህል ከፍ ይላል። አንደኛውና ሦስተኛው አብረው ሲጫኑም ጉድለቱ አነስ ብሎ ይታያል። ተጫዋቹ ይህን የሚያርመው የሦስተኛውን ቫልቭ ተንሸራታች ቱቦ በግራ እጁ ጣት ገፍቶ፣ ከንፈሩንም አላልቶ ነው። ጉድለቱ የአውሮፓውን ተጫዋች መሣሪያ ከአዲስ አበባው አይለይም።

ሁለተኛውስ ወገን? በ1924 እ.ኤ.አ. አርባዎቹ አርመናውያን ልጆች ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። የነሐስ መሣሪያ በከተማችን ሥር ከሰደደ በኋላ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺ ሆዬም በትራምፔት ተነፉ። ክራርና ማሲንቆ እንደ ዘፋኙ ድምፅ ይቃኛሉ፤ ትራምፔት ግን ቱቦው ተቆርጦ፣ ልኩ ተወስኖ ይመጣል። ስለዚህ ተጫዋቹ የአገሩን ቅኝት በባዕድ ልክ ላይ በከንፈሩ የሚያሳድርበት ጊዜ መኖሩ አይካድም።

ታዲያ ቅኝትን ከጉድለት በምን እንለይ? ቅኝት ጽኑ ነው፤ አንዱ የዜማ እርከን በታችም በላይም፣ በየትኛውም ጣት ቢነፋ አንድ ዓይነት ጠባይ ያሳያል። የቱቦ ጉድለት ግን ጣትን ይከተላል።

ሸክላውን መልሰን በጥሞና ሰማነው። ያሳቀን ድምፅ ከፍ የሚለው በታች ሲነፋ ብቻ ነው፤ ያው እርከን ከአንድ ኦክታቭ በላይ ሲመለስ ከፍ አይልም። እንግዲህ ጥፋቱ የቱቦው ነው፤ ሳያርመው በማለፉ ተጫዋቹም በዚያች አንዲት ድምፅ ይወቀሳል። የቀረውን ዜማ ግን ከንፈሩ ልኩን ጠብቆ ተሸክሞታል፤ ይህን የሰማ በመካከላችን አልነበረም።

አገሩን በናፍቆት የሚሰማ ጆሮ ጉድለትን ሁሉ ቅርስ ያደርጋል፤ በባዕድ አገር ያፈረ ጆሮም ቅርስን ሁሉ ጉድለት ያደርጋል። የኛ ጆሮ በሁለቱም መታመሙን ሸክላው ነገረን። ስለሆነም ሂሱን ከግለሂስ እንጀምር፤ በሚቀጥለው ምሽት ይኸው ሸክላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በድጋሚ ይሰማ።